የቡልቻና የአስቻለው ግጥሚያ

በአንድ ወቅት፣ በድሬዳዋና በኮምቦልቻ መካከል የሚመላለሱ የጭነት መኪና ሾፌሮች የማያልቅ ክርክር ነበራቸው። ሚሌ ላይ ለምሳ ሲወርዱ ይጀምሩታል፤ ሻያቸውን ጨልጠው ሲነሱ እዚያው ይተውታል፤ በሳምንቱ ሲመለሱ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። የድሬዳዋው ቡልቻና የኮምቦልቻው አስቻለው ቢገጥሙ ማን ያሸንፋል? ክርክሩ ይኸው ነበር።

ሁለቱም በቀላል ከባድ ሚዛን አቻ ያልተገኘላቸው ቦክሰኞች ናቸው። ሁለቱንም ያሰለጠናቸው ደግሞ አንድ ሰው ነው፤ ጋሽ ወንድይራድ። ድሬዳዋ ሳለ ቡልቻን ከመንደር ጠብ አውጥቶ ጓንት አጠለቀለት። በኋላ ሥራው ወደ ኮምቦልቻ አዛወረው፤ እዚያም ከመጋዘን ጥጥ በትከሻው የሚያወጣውን አስቻለውን አገኘ።

ቡልቻ ግራኝ ነው፤ ታጋሽም ነው። ለአንድ ቡጢ ሙሉ ዙር መጠበቅ አይከብደውም። ይሸሻል፣ ይጎነበሳል፣ ተጋጣሚው ሰለቸኝ ብሎ እጁን ትንሽ ዝቅ እስኪያደርግ ያያል። ያን ጊዜ ግራው ትመጣለች፤ ሰውየው ከየት እንደመጣችበት የሚጠይቀው መልበሻ ቤት ከገባ በኋላ ነው።

አስቻለው ግን መጠበቅ አልፈጠረበትም። ደወሉ ሲደወል ወደፊት መራመድ ይጀምራል። ቢመቱት ይራመዳል፣ ቢደማም ይራመዳል። ተጋጣሚው ጀርባው ገመዱን ሲነካና መሄጃ ሲያጣ ቀኙን ያወርድበታል።

እንዲህ ሆነው ሳይገናኙ ቀሩ። አንዱን ዓመት የቡልቻ እጅ ተሰበረ። በሌላው የአስቻለው እናት አርፈው ሐዘን ተቀመጠ። በሦስተኛው ሊገናኙበት የነበረው ውድድር ራሱ ሳይካሄድ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አንዱ ሲመጣ አንዱ እየጠፋ ዕድሜያቸው ሄደ።

ሾፌሮቹ ጋሽ ወንድይራድን ባገኙት ቁጥር፣ «ጋሼ፣ ሁለቱም ያንተ ልጆች ናቸው፤ እስቲ ፍረድ» ይሉታል።

«ሲገጥሙ እናያለን» ይላቸዋል።

እውነቱን ለመናገር ግን እሱ በሐሳቡ ስንት ጊዜ አጋጥሟቸዋል። አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ተደግፎ ያጋጥማቸዋል፤ ፀጉሩን ሲስተካከል ያጋጥማቸዋል፤ ስብከት ሲረዝምበት ሳይቀር ያጋጥማቸዋል። አንዳንዴ ቡልቻ በነጥብ ያሸንፋል፤ አንዳንዴ አስቻለው በዝረራ። ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም። በሕይወቱ ካየው ግጥሚያ ሁሉ ይልቅ ያላየው ይህ ግጥሚያ ያምረው ነበር።

ጋሽ ወንድይራድ ሲያረጅ አዳማ ገባ። ከዚህም ከዚያም ቆርቆሮ ለምኖ አንድ የቦክስ አዳራሽ ሠራ፤ የሰፈሩን ልጆች ያሰለጥን ጀመር። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አብራው ያለችው ልጁ ዓይናለም ናት። ልጆቹን የምትመዘግበው፣ ሰዓት የምትይዘው፣ አፍንጫ የደማውን የምታጥበው እሷ ነበረች። በመጨረሻ የሽማግሌው ጉልበት እምቢ አለ። መድረክ ላይ ለመውጣት ገመዱን ጨብጦ ጥቂት ማረፍ ግድ ሆነበት። ደከመው። ድካሙ ተኝተው የሚነሱለት ዓይነት አልነበረም።

አዳራሹን ከቡልቻና ከአስቻለው ለአንዱ አስረክቦ ለማረፍ ወሰነና ወደ ሁለቱም ላከ። ሁለቱም መጡ። ቡልቻ የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆኖ ነበር፤ አስቻለው ያው ተሸካሚ ነው፤ ወገቡ ግን እንደ ድሮው አይታዘዘውም። ከቦክስ ሌላ በልባቸው የያዙት ሙያ አልነበራቸውም። ይህ አዳራሽ ለሁለቱም የመጨረሻ በር ነበር።

«ምረጥ፣ ጋሼ» አለ ቡልቻ።

«እንዴት ብዬ? ሁለት ዓይኖቼ አይደላችሁም?»

«እንግዲያው እንግጠምና ይለይልን» አለ አስቻለው።

«አብዳችኋል? አርባን እያንኳኳችሁ!»

«ሳይከፈትልን ነዋ» አለ ቡልቻ።

ዓይናለም ጓንት እያደረቀች ትሰማ ነበር። «ልጆች የሚያሳድግ ሰው የሚመረጠው በዝረራ ነው እንዴ?» አለች። አባቷ እምቢ ማለት ነበረበት፤ ግን ያ ሲያምረው የኖረው ግጥሚያ ደጁ ድረስ በእግሩ መጥቷል።

በቀድሞ ሚዛናቸው ይሁን ተባባሉ። ቡልቻ ቦርጭ አውጥቶ ስለነበር ከሰማንያ አንድ ኪሎ በታች ለመውረድ በላስቲክ ተጠቅልሎ ሮጠ፤ ጎመን ብቻ በላ፤ ጉንጩ ጎደጎደ። አስቻለውን ደግሞ ኑሮ አመንምኖታል፤ ከሰባ አምስት በላይ ለመሆን ሚዛኑ ላይ ከመውጣቱ በፊት አንድ ጆግ ውሃ ጠጣ። አንዱ ተርቦ፣ አንዱ ውሃ ተሞልቶ ሚዛኑ ላይ ሲቆሙ ጋሽ ወንድይራድ ፊቱን አዞረ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ገጠሙ። ልጆቹ እንዳይመጡ ተነግሯቸዋል። ወሬው የደረሳቸው ጥቂት ሾፌሮች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ዳኛው ጋሽ ወንድይራድ ነው፤ ሰዓቱንና ደወሉን የያዘችው ዓይናለም ናት።

የመጀመሪያው ዙር የቡልቻ ነበር፤ ሁለተኛው የአስቻለው። ግን ምን ዙር ነው! ቡልቻ ሲጎነበስ ወገቡ ይዘገያል፤ አስቻለው ሲራመድ እግሩ ይጎተታል። ይተቃቀፋሉ፤ ጋሽ ወንድይራድ ያላቅቃቸዋል፤ ትንፋሻቸው እንደ አሮጌ ወናፍ ይጮኻል። «ስጠብቀው የኖርኩት ይህን ነው?» አለ በልቡ። እነዚያ በአውቶቡስ መስኮት የሚያያቸው ልጆች የሉም። እነሱ ሳይገጥሙ ቀርተዋል፤ አይገጥሙምም። እነዚህ የደከሙ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ያስተማራቸውም እሱ ነው። ልቡ ከበደው።

በሦስተኛው ዙር ቡልቻ ጠበቀ፣ ጠበቀና ያቺ የድሮዋ ግራ መጣች። አስቻለው አልወደቀም፤ ቆሞ ቀረ። እጆቹ ተንጠለጠሉ። ዓይኖቹ ተከፍተዋል፤ የሚያዩት ነገር ግን የለም።

የቀረው አንድ ቡጢ ብቻ ነበር። ቡልቻ አልሰነዘረውም። ሁለት እጆቹን ዝቅ አድርጎ ፊቱን ወደ ዳኛው መለሰ።

«ጋሼ፣ ሰውየው የለም። አስቁመው» አለ።

ጋሽ ወንድይራድ አፉን ሲከፍት የአስቻለው ዓይን በራ። ዳኛው ገና አልተናገረም፤ ደወሉም አልተደወለም፤ ፊት ለፊቱ ደግሞ እጁን ጥሎ የቆመ ሰው አለ። ቀኙን አወረደበት። ቡልቻ በጀርባው ተዘረረ፤ ጭንቅላቱ ወለሉን ሲመታ ሾፌሮቹ ከወንበራቸው ተነሡ።

ሽማግሌው ደንቡ ነውና እስከ አስር መቁጠር ጀመረ። ሰባት ሲል ቡልቻ በጎኑ ዞሮ አንድ ጉልበቱን ተከለ። ስምንት ሲል ደወሉ ተደወለ፤ ቆጠራው ተቋረጠ።

ጋሽ ወንድይራድ ቀና ብሎ የግድግዳውን ሰዓት አየ። ዙሩ ገና ግማሽ ላይ ነበር።

«ዓይናለም፣ አላለቀም» አላት።

«ሰዓት ያዥዋ እኔ ነኝ። አልቋል» አለች።

ቡልቻ መልሶ ተጋደመ። ይነሣ እንደሆነ፣ አይነሣም እንደሆነ፣ ማንም ሳያውቀው ቀረ። ቀድሞ አጠገቡ የተንበረከከው አስቻለው ነው። የራሱን ጓንት ክር በጥርሱ በጥሶ የጥርስ መከላከያውን ከአፉ አወጣለት፤ በዚያ በታመመ ወገቡ ተሸክሞ ባጃጅ ውስጥ አስገባው፤ ክሊኒክ ሲደርሱም እጁን አልለቀቀውም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቡልቻ ተረፈ።

በሦስተኛው ቀን አራቱም አዳራሹ ውስጥ ተቀመጡ።

ቡልቻ ቀድሞ ተናገረ። «ጋሼ፣ ልጨርሰው እችል ነበር፤ አይተሃል። ግን እንዲያ ያለ ዓይን አይመታም። እናቶች ልጆቻቸውን እዚህ የሚልኩት በእግራቸው እንዲመለሱላቸው ነው። እኔ መቆም ያለበትን ጊዜ አውቃለሁ።»

አስቻለው ራሱን እየነቀነቀ ሰማው። «መጀመሪያ ያስተማርከን ምንድን ነው? ዳኛው ሳይናገር እጅ አይወርድም። እኔ ራሴን ስቼ እንኳ ትምህርትህን አልረሳሁም፤ እሱ ራሱን እያወቀ ረሳው። ይህን ለልጅ ቢያስተምር አንድ ቀን ያስገድለዋል። ደግሞስ እዘንልኝ ያለው ማን ነው?»

ዓይናለም ከተቀመጠችበት ተነሣች። «አዎ፣ ሰዓቱ አላለቀም ነበር። ዋሽቻለሁ። አንዳችሁ ሞታችሁ አንዳችሁ ብትታሰሩ ይህን በር ነገ የሚከፍተው ማን ነበር? ሁለታችሁም ስለ ልጆቹ ታወራላችሁ፤ የአንዳቸውን ስም እንኳ አታውቁም። አባዬ፣ አዳራሹን ለእነሱ ካሰብክ ለእኔም አስበው።»

ሁለቱ ሰዎች በዚህ ጊዜ ብቻ ተስማሙ።

«ሰዓት የሚሰርቅ ሰው ባለበት መድረክ ላይ ማን ይወጣል?» አለ አስቻለው።

«ዕድሌን ነው የወሰደችብኝ። እነሣ ነበር» አለ ቡልቻ።

«አትነሣም ነበር።»

«እነሣ ነበር!»

ጋሽ ወንድይራድ ጉልበቱን እያሸ ሦስቱንም አያቸው። የሁሉም ነገር ልክ መሰለው፤ የሁሉም ነገር አስፈራው። «ለእሑድ እነግራችኋለሁ፤ አሁን ልረፍበት» ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።

እንግዲህ እኔ ነገሩን እስከዚህ አምጥቼዋለሁ፤ ከዚህ ወዲያ ያለው ሸክም የእናንተ ነው። ለሰው አዝኖ እጁን ላወረደው ነው? ደንቡን ጠብቆ ቡጢውን ላወረደው ነው? ወይስ ዋሽታ ደወሉን ለደወለችው? አዳራሹ የሚገባው ለማን ነው?