ስም ሳይጠራ የቀረበ ሽሮ

ድስት ሲገነፍል፣ ሊጥ ሲደፋ፣ ሰው ሲጣደፍ ነገር ሲያበላሽ ሁላችንም ከአፋችን የምናወጣት አንዲት አጭር አባባል አለች። ብዙ ሰው እንዲሁ ከሰማይ የወረደች ይመስለዋል። ባለቤት አላት። ባለቤቷ ወይዘሮ አንጓች ትባላለች፤ አባባሏን የተናገረቻት ግን እርሷ አይደለችም። እርሷ ሠራቻት፣ ሌላ ሰው ተናገራት። ሙያም ዘወትር እንዲህ ነው፤ አንዱ ይደክምበታል፣ ሌላው ይመሰገንበታል።

አንጓች ዝግባ ሜዳ በምትባል የገበያ ከተማ የምትኖር ጨውና በርበሬ ቸርቻሪ ነበረች። ገበያው ሲበተን ቤቷ ትገባለች፤ ቤቷ ደግሞ ቢተው የሚባለው ባሏና ልጆቿ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቋታል። ለማግባት የደረሰች ውብዳር የምትባል ልጅ ነበረቻት። ልጅቱ ወጥ መሥራት ታውቃለች፤ ችግሩ ስትሠራ አትቸኩልም። ሽንኩርት ስታደቅ እናቷ ቆማ ታያትና ትበግናለች። በመጨረሻ ማማሰያውን ከእጇ ቀማቻት፣ «አንቺ ሽንኩርቱን ከትፈሽ እስክትጨርሺ እኔ አብልቼ፣ ዕቃ አጥቤ፣ እተኛለሁ» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ራት የአንጓች ሆነ፤ ቤተሰቡም እግዚአብሔር ይስጠው፣ ችሎ በላ።

የአገሬው ሴት የአዘቦት ሽሮ ስትሠራ ሽንኩርቷን በደረቁ ድስት እስኪጠወልግ ታማስላለች። ዘይት ታክላለች፤ በርበሬውን ውሃ ጠብ እያደረገች ታቁላላለች። ውሃው ሲፈላ ሽሮዋን በአንድ እጇ እየነሰነሰች በሌላው እያማሰለች ትጨምርና እስኪንተከተክ ትጠብቃለች። አንጓች ይህን ሁሉ የሥራ ፈት ጨዋታ ትለው ነበር። በእርሷ ቤት ውሃ፣ ዘይት፣ በርበሬ፣ ሽሮና ጨው አብረው ድስት ይገባሉ፤ ከሥር ጭራሮ ይማገዳል፤ አንድ ጊዜ ገንፈል ካለ ራት ደርሷል። ሽንኩርቱ ትዝ ካላት ጥሬውን ከላይ ጣል ታደርግበታለች፣ ለጤና ጥሩ ነው ብላ። እንዲህ ያለው ወጥ ደግሞ ሁለት ጥቅም ነበረው፤ ላዩ ይጠጣል፣ ታቹ ይታኘካል።

ጎረቤቶቿ አንድ ቀን ይህን ብልሃት እንድታሳያቸው ለመኗት። ሠርታ አቀመሰቻቸው። ከዚያ በኋላ ደግመው አልጠየቋትም፤ እርሷም ቶሎ ስለገባቸው ነው ብላ ደስ አላት። ባሏ ቢተውም ስለ ወጡ ቃል ተንፍሶ አያውቅም። ዝም አይነቅዝም የሚል ሰው ነበር፤ ከአንጓች ጋር ለሚኖር ሰው ከዚህ የተሻለ ሃይማኖት አይገኝም።

እንግዲህ ስናማት አንድ ነገር እንዳንረሳ። አንጓች ከእናቷ ማሕፀን ቸኩላ አልወጣችም። ደሃ አግብታ፣ ቀኑን ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ስትቸረችር ውላ፣ ሲመሽ ለዚያ ሁሉ አፍ ራት ማድረስ ነው ያስቸኮላት። ለዚህ ነው ልቧ ወደ ወፍጮ ቤቱ ያዘነበለው። የወፍጮው ባለቤት አቶ ጋሻነህ ለማግባት የደረሰ ልጅ ነበራቸው፤ በመጪው እሑድ ሽማግሌ እንደሚልኩም በሰው በሰው ሹክ አስብለዋል። አንጓች ይህን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ አጥታለች። ልጇ እንደ እርሷ ገበያ ለገበያ እንዳትንከራተት፣ ሠራተኛ ባለበት ቤት ተቀምጣ እስከፈለገች ድረስ ሽንኩርቷን እንድታደቅ ትመኝ ነበር። ይህ ምኞት የሚያስቅ አይደለም።

ውብዳር ግን ምኞቷ ወደ ሌላ ነበር። ከገበያው ጥግ፣ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚውል አላምረው የሚባል ልብስ ሰፊ ነበረ። ውብዳር በዚያ ዓመት የቀደደችው ቀሚስ ብዛት ለማንም ግልጽ ነበር። አንጓችም ነገሩ ሲገባት «መርፌ አይበላም» ብላ ቀሚሱን ሁሉ ራሷ መጣፍ ጀመረች። በጥድፊያ ነው የምትጥፈው፤ እጅጌውን ከወገቡ ጋር ሰፍታው ታውቃለች።

አሁን ደንቡን ልንገራችሁ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። በዚያ አገር ልጅ ለመጠየቅ የመጣ ሽማግሌ ደጃፍ ላይ ይቆማል። ግባ ቢሉት ይገባል እንጂ አይቀመጥም፤ ብላ ቢሉት አይበላም። የልጁን ዘር ይቆጥራል፣ ስሙን ይጠራል፣ ይለምናል። የልጅቱ ወገን ደግሞ እናስብበት ይላል፣ ያመላልሰዋል፣ ያስለምነዋል። አንድ ቀን እሺ ከተባለ ያን ጊዜ ተቀምጦ እህል ይቀምሳል። የዚያን ቤት እህል ከቀመሰ ልጅቱ ተሰጠች ማለት ነው፤ ማንም አይመልሳትም። ሲያዩት ዝግ ያለ ደንብ ነው። ያወጡት ሰዎች ሽንኩርታቸውን በደንብ የሚያቁላሉ መሆን አለባቸው።

ረቡዕ ማታ ነው። አንጓች ከገበያ ገብታ የጾም ሽሮዋን ጥዳ፣ ጭራሮ እየማገደች ሳለ ሦስት ሽማግሌዎች የነጣ ጋቢያቸውን ለብሰው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ከፊት ባላምባራስ ወሰኔ ነበሩ፤ ቤታቸው ከወፍጮ ቤቱ ጋር አጥር ለአጥር ነው። አጠገባቸው የደብሩ መሪጌታ፣ ከኋላ ደግሞ አንጓች አይታቸው የማታውቅ ፀጉራቸው የሸበተ የባላገር ሰው ነበሩ። አንጓች በበሩ አሻግራ አየች፤ ልቧ ዘለለ። እሑድ ያሉት ቸኩለው ረቡዕ መጡ። እንደ እርሷ የሚቸኩል ዘመድ እግዚአብሔር ሰጣት።

ቢተው እንግዶቹን አስገባና መደብ ላይ እንዲቀመጡ ለመናቸው። አልተቀመጡም። ባላምባራስ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፤ ያዘጋጁት ንግግር ከአዳም ተነሥቶ የሚመጣ ረጅም ንግግር ነበር።

«የመጣነው ለብርቱ ጉዳይ ነው» ብለው ጀመሩ፣ «እሺ እስክንባልም አንቀመጥም።»

«እሺ ተብላችኋል፤ ተቀመጡ» አለች አንጓች፣ ማማሰያዋን እንደያዘች ከጓዳ ብቅ ብላ።

ባላምባራስ በሽምግልና ያረጁ ሰው ናቸው። የተሰደቡበት ቤት አለ፣ ውሻ የተለቀቀባቸው ቤት አለ፤ አዳም ላይ ሳይደርሱ እሺ የተባሉበት ቤት ግን ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። መሪጌታን አዩ። መሪጌታም ጣሪያውን አዩ።

«ኧረ ልጄ፣ ጥያቄያችንን አልሰማሽም» አሉ ባላምባራስ። «የልጁን ስም እንኳ ገና አልጠራንም።»

«ስሙ ምን ያደርግልኛል፣ ባላምባራስ? ማን እንደሆነ አገር ያውቀዋል። ይልቅስ እጃችሁን ታጠቡ፣ ወጡ ይቀዘቅዛል።»

እዚህ ላይ ውብዳር ማስታጠቢያውን ይዛ መጣች። ማንም አልጠራትም፤ ያን የሸበቱትን የባላገር ሰው በበሩ ቀዳዳ አይታ ነው የመጣችው። አንጓች ግን ይህን ከየት ታውቃለች? ያች ለአንድ ሽንኩርት ምሽቱን የምትፈጅ ልጅ ሽማግሌዎቹን ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ አስታጠበቻቸው፤ እናቷም በመጨረሻ ምክሬ ገባት ብላ ኮራች።

ባላምባራስ እጃቸው እየታጠበም ቢሆን ደንብ አይለቁም። ልጅቱ ተሰጥታለች ወይ ብለው አንጓችን ጠየቋት፤ ተሰጥታለች አለች። የአባትየውም ቃል ያስፈልገናል ብለው ወደ ቢተው ዞሩ። ቢተው ነገሩ ከንክኖታል። ስንት ዓመት ሳይነቅዝ ያስቀመጠውን ዝምታ ለዚህች ቀን ሊሰብራት ተነሣ።

«ለመሆኑ እናንተ የመጣችሁት ከማን...» ሲል አንጓች ትሪውን አስቀምጣ፣ እንጀራውን ጠቅልላ፣ ከድስቱ የወጣ ሽሮ አስነክታ አጎረሰችው። እንዲህ ያለ ጉርሻ ለበሬም ይከብዳል። ቢተው ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ጉሮሮው እየተቃጠለ፣ ለመዋጥ ራሱን ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቀ። ሦስቱም ሽማግሌዎች ይህንን አዩ። አባት እሺ አለ።

እንግዲህ ተቀመጡ፤ በሉም። መጀመሪያ የቆረሱት ባላምባራስ ነበሩ። ላዩን ጠጡት፣ ታቹን አኘኩት፣ እንደ ጨዋ ሰውም ሙያሽ ይባረክ አሉ። መሪጌታ ጾም የሰውን ትዕግሥት ለመፈተን የተሠራ መሆኑን በልባቸው እያሰቡ ዋጡ። የባላገሩ ሰው ግን በእውነት ደስ ብሏቸው ነበር። እንዲህ ያለ ደግ ቤት አይቼ አላውቅም አሉ፤ እኅቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ ያለቀሰችው ዛሬ ተካሰ አሉ። አንጓች አቶ ጋሻነህን ዛሬ ጠዋት ወፍጮ ቤታቸው ደጃፍ በደህና ቆመው አይታቸዋለች። ቢሆንም እንጀራ መጨመሩ ስለሚበልጥባት አለፈችው።

«የሙሽሪትንም ቀሚስ» ብለው ቀጠሉ ሰውዬው፣ «ራሱ ይሰፋዋል። የእኅቴ ልጅ እጁ የተባረከ ነው።»

የአንጓች እጅ ትሪው ላይ ቀረ። «ማን ነው የሚሰፋው?»

«አላምረው ነዋ። ልጃችን።»

ይህን ጊዜ ቢተው ጉርሻውን ጨርሶ ዋጠ።

«እኔም እኮ» አለ ዓይኑን እየጠረገ፣ «ከማን ነው የመጣችሁት ልላቸው ነበር።»

አንጓች ወደ ባላምባራስ ዞረች። የወፍጮ ቤቱ ጎረቤት ለልብስ ሰፊ ይሸመግላሉ ብላ እንዳላሰበች ነገረቻቸው። እርሳቸውም የአጥር ጎረቤት መሆን ዘመድ እንደማያደርግ፣ ኮታቸውን በየዓመቱ የሚያድስላቸው አላምረው መሆኑን፣ ስሙንም ሊጠሩ ሲሉ ወጥ ይቀዘቅዛል መባላቸውን በትሕትና አስታወሷት። እርሷ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። ገና ሁለት ሦስት ጉርሻ ነው የበላችሁት፣ ያልጠገበ እንግዳ በላ አይባልም ስትል ተከራከረች። መሪጌታ ይህ በየትኛውም መጽሐፍ እንደሌለ፣ የዋጡትም ሽሮ ገና ደረታቸው ላይ እንደቆመ መሰከሩ። ታዲያ ወጡ ራሱ አልበሰለም፣ ያልበሰለ ነገር እህል አይደለም አለች። ይህን እውነት ከአፏ ለመስማት ቤተሰቡ ስንት ዓመት ጠብቆ ነበር።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ልጄ» አሉ ባላምባራስ።

ያን ጊዜ አንጓች ድምፅዋ ተሰበረ። «እኔ እኮ እንደኔ ስትሮጥ እንዳታረጅብኝ ብዬ ነው» አለች። ውብዳር ይህን ሰማች። እናቷ ወፍጮውን የፈለገችው ለምን እንደሆነ እስከዚያ ቀን አልገባትም ነበር። ማስታጠቢያውን አስቀምጣ ወደ እናቷ ቀረበች።

«እማዬ፣ እኔ ከእርሱ ጋር ብሮጥም ደስ ይለኛል» አለቻት፣ በቀስታ።

ብልህ ሴት እዚህ ላይ ቁጭ ትላለች። እንግዶቹ ይበላሉ፣ እርሷ ታለቅሳለች፣ ነገሩ በክብር ያልቃል። አንጓች ግን ቁጭ ማለት የት ታውቅበታለች? ቀሪው እህል ካልተበላ ቃሉም ግማሹ ይተርፋል ብላ አሰበች መሰል፣ ባላምባራስ ለሌላ ጉርሻ እጃቸውን እንደዘረጉ ትሪውን ከሥራቸው መንጭቃ ወደ ጓዳ ሮጠች። ትሪው የበሩን መቃን መታ። ከመቃኑ ተመልሶ ተገለበጠ። ላዩ የሚጠጣው ሽሮ በባላምባራስ የነጣ ጋቢ ላይ ተረጨ፤ ታቹ የሚታኘከው ከመሪጌታ ጫማ ሥር ወደቀ፤ እንጀራው በቤቱ ተበተነ።

አንጓች ተንበረከከች። ቃሏንም ጭምር እዚያው ወለል ላይ የምታገኘው ይመስል የወደቀውን ቁራሽ አንድ በአንድ እያነሣች፣ አቧራውን እየነፋች፣ ወደ ትሪው ትመልስ ጀመር፤ እንባዋ በዚያው ላይ ይንጠባጠባል። ውብዳርም አጠገቧ ተንበርክካ አብራት ታነሣ ጀመር፤ እናት የልጇን ፊት ቀና ብላ አየችው፤ እንዲህ በርቶ አይታው አታውቅም ነበር፤ ዓይኗን መልሳ ወደ ወለሉ አደረገች። በመጨረሻ ባላምባራስ ወሰኔ በጋቢያቸው ጫፍ የሚወርደውን ሽሮ በጣታቸው ጠረግ አድርገው፣ በእግራቸው ሥር በጉልበቷ የምትሄደውን ሴት በሐዘንና በሣቅ መካከል ሆነው አዩና፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉ።