የሹሙ ቦይ

«አንድ ሹም ነበረ» አሉ መምህር ይትባረክ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እንግዳው ጥያቄውን ገና ሳይጨርስ።

እንግዳው ከዞን የመጣ ወጣት ኃላፊ ነው። ለመስኖ የተመደበውን የመንግሥት ገንዘብ ወረዳውና ቀበሌው አብረውት እንዲያስተዳድሩ የሚል ደብዳቤ ደርሶት ነገሩ አልዋጥልህ ብሎታል። «እኔ ብቻዬን ብይዘው ይፈጥናል፤ እነሱ ሲገቡበት ነገርም ይበዛል፣ እጅም ይበዛል፤ ለምን ብዬ አካፍላለሁ?» ነበር ያለው። መምህር በእኛ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው እንዲህ ሲሉ ነገሩት።

አንድ ሹም ነበረ። በታማኝነቱ የታወቀ ነው። ንጉሡ ከግብሩ ላይ ገንዘብ ለይቶ ሰጠውና አንድ ደረቅ ሸለቆ በመስኖ እንዲያለማ ላከው። በሸለቆው ውስጥ ሦስት መንደሮች አሉ፤ ላይኛው፣ መካከለኛውና ታችኛው። ወንዙ የሚወርደው ከላይኛው መንደር በላይ ነው። የታችኛው መንደር ሰዎች በጋ በገባ ቁጥር ውሃ ፍለጋ ግማሽ ቀን ይሄዳሉ። ንጉሡ ሹሙን ሲያሰናብተው፣ እስከ ሦስተኛው ፋሲካ ውሃው ታችኛው መንደር ካልደረሰ የቀረው ገንዘብ ለሌላ አገር ይሰጣል አለው።

ሹሙ ገንዘቡን ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን በአንገቱ አንጠለጠለ። ከዚህ አንዲት አሞሌ ብትጎድል ለንጉሡ ምን እመልሳለሁ እያለ ማንንም አላስጠጋም። የቦዩን መስመር ራሱ ቀየሰ። ግንበኞችን ከሩቅ አገር አመጣ። የሚተኛውም ሳጥኑን ተንተርሶ ስለነበር ብዙም ሳይቆይ አንገቱ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ።

የሸለቆው ሰው ጨዋ ነው። በዚያ አገር ሹም ሳይጠይቅ ሹምን መምከር ነውር ነው። ስለዚህ ሹሙ ባለፈ ቁጥር ከተቀመጡበት ተነሥተው ይመርቁታል፤ እጅህን ያለምልመው፣ የጀመርከውን ያስጨርስህ ይሉታል። እሱም አሜን ብሎ ደስ እያለው ያልፋል። እሱ ካለፈ በኋላ ግን እርስ በርስ ተያይተው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሹሙ ይህን አላየም፤ አንገቱ ወደዚያ አይዞርለትም።

ክረምቱን ሙሉ ተቆፍሮ፣ ጥር ላይ ውሃው ተለቀቀ። ላይኛው መንደር ደረሰ፤ መካከለኛውን አለፈ፤ በታችኛው መንደር ግን አልታየም። ሹሙ ሌባ አለ ብሎ ጠባቂ ቀጠረ። ቀጥሎ ጠባቂዎቹን የሚጠብቅ ሌላ ጠባቂ ቀጠረ። ውሃው አሁንም አልመጣም። በሁለተኛው ዓመት ቦዩን አሰፋው፤ ያው ሆነ። ሦስተኛው ዓመት ገባ፤ ዐቢይ ጾም ተጀመረ፤ ከገንዘቡ የቀረው እሩብ አይሞላም።

ያን ጊዜ ሹሙ ሌባውን በገዛ ዓይኑ ሊይዝ ወሰነ። ከወንዙ አፍ ላይ አንድ ደረቅ ቅጠል ቦዩ ውስጥ ጣለና እሱን እየተከተለ ቁልቁል ወረደ። የላይኛው መንደር ሰዎች ተነሥተው መረቁት። የመካከለኛው መንደር ሰዎችም መረቁት። እሱ ዓይኑን ከቅጠሉ አላነሣም። ከመካከለኛው መንደር ትንሽ ወረድ እንዳለ ቅጠሉ መንቀርፈፍ ጀመረ፤ ቀጥሎ ጭቃ ላይ ተቀመጠ። ውሃው ከዚያ ወዲያ የለም።

አንዲት የታችኛው መንደር ባልቴት እዚያው አጠገብ ሽምብራ ይነቅሉ ነበር።

«እማማ፣ ውሃዬን ማን ወሰደው?» አላቸው።

ባልቴቷ ቀና ብለው አዩትና ምርኩዛቸውን አንሥተው የጥቁሩ አፈር ስንጥቅ ውስጥ ከተቱት። ምርኩዙ እስከ መያዣው ድረስ ገባ።

«ይቺ ናታ፣ ጌታዬ። ዋልካ ናት። ክረምት ጠግባ አፏን ትዘጋለች፤ በጋ ሲሆን ትከፍታለች። ዓምና የእኔን ዶሮ ውጣለች።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«የማያውቅ ማን አለ? ጥጃው እንኳ ዞሮ ነው የሚያልፋት።»

የሹሙ ፊት ጠቆረ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ስትመርቁኝ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ምከሩ ብሎ የጠራን የለማ። ቦዩ የሹሙ ነው፣ ሹሙ የሚያውቀው ይኖራል አልን። እኛ እጅ ያለው ምርቃት ነው፤ እሱን መቼ ነፈግንዎ?»

ሹሙ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ግን የሚቆጣበት ሰው አጣ። እዚያው ዋልካው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አሜን ያለውን እያሰበ፣ መጀመሪያ አዘነ፤ ኋላ ሳቁ መጣበት። ባልቴቷም አብረው ሳቁ፤ ጥቂት እሸት ሽምብራም አቀበሉት።

በማግስቱ ሦስቱን መንደሮች በመካከለኛው መንደር ሜዳ ላይ ሰበሰበ። ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ መጣ። ሹሙ ሳጥኑን አምጥቶ መካከላቸው አስቀመጠ። ቁልፉንም ከአንገቱ አወለቀ። አንድ አንጥረኛ ጠርቶ ሌላ ሦስት መቆለፊያ ከነቁልፉ እንዲጨምርበት ነገረው፤ ለየመንደሩ አንድ አንድ። ከእንግዲህ አራታችን ካልተገናኘን ይህ ሳጥን አይከፈትም አለ። ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዳቸው ሊመርቁ እጃቸውን ዘረጉ።

«አትመርቁኝ» አለ ሹሙ። «ምከሩኝ።»

መከሩታ! ሁለት ቀን ሙሉ ተጨቃጨቁ። ላይኞቹ ውሃው ከእኛ ደጅ ነው የሚነሣው፣ እኛ ሳንጠጣ ማን ይጠጣል አሉ። የመካከለኛው መንደር ሽማግሌ፣ እናንተ ወንዝ ዳር ተወልዳችሁ እስከ ዛሬ ፊታችሁን አልታጠባችሁም፤ ውሃ ምን ያደርግላችኋል? አላቸው። ሹሙ ሳጥኑን ታቅፎ ሊሸሽ ዳድቶት ነበር፤ ግን አራት ቁልፍ ያለውን ሳጥን ይዞ የት ይደርሳል?

በሦስተኛው ቀን ባልቴቷ ተነሡ። ተራው ከታች ይጀምር አሉ፤ ታችኛው መንደር ሳይጠጣ መካከለኛው አይጠጣ፣ መካከለኛው ሳይጠጣ ላይኛው አይጠጣ። ያን ጊዜ ላይኞቹ ተራቸው ቶሎ እንዲደርስ በየመንገዱ የሚያፈሰውን ቀዳዳ ራሳቸው ይደፍኑታል። ከዚያ የላይኛው መንደር ሽማግሌ ሳቀና፣ ይህች ሴት ያለ ደሞዝ ዘበኛ አደረገችን አለ። በዚሁ ተስማሙ።

ቦዩ ዋልካውን ትቶ ድንጋያማ በሆነው ጭንጫ ዳር እንዲዞር ተቀየሰ። ቁፋሮው በደቦ ሆነ፤ ለየመንደሩ ድርሻ ተሰጠ፤ ገንዘቡም ለኖራና ለመሣሪያ ብቻ ወጣ። አንድ ቀን ሹሙ ኖራ ሊገዛ ሳጥኑ እንዲከፈት ጠየቀ። የመካከለኛው መንደር ቁልፍ ያዥ ኖራውን በጣቱ አሸት አድርጎ፣ አመድ ተቀላቅሎበታል ብሎ ቁልፉን መልሶ ጉያው ከተተው። ነጋዴው አህዮቹን እየነዳ ሄደ። ሹሙ አፈረ፤ የዚያን ለት ግን ትራስ ተንተርሶ ተኛ።

ውሃው ታችኛው መንደር የደረሰው በሆሳዕና ዕለት ነው። የንጉሡ መልእክተኛ መጥቶ ቦዩን ማን ሠራው ብሎ ቢጠይቅ፣ በሦስቱም መንደር ያገኘው መልስ አንድ ነው፤ እኛ ነን አሉት። የሹሙን ስም የጠራ አልነበረም። በተከታዩ ክረምት ጎርፍ ቦዩን ሲሰብረው ሰዉ ማንም ሳይጠራው ዶማውን ይዞ ወጣ። ሹሙ ወሬውን የሰማው ከተጠገነ በኋላ ነው።

መምህር ይህን ጨርሰው ወደ ወጣቱ ኃላፊ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንተን አልጠረጥርህም፤ ያም ሹም ታማኝ ነበር። ያንተ ገንዘብ እንደዚያ ውሃ ነው፤ ወረዳውና ቀበሌው ደግሞ ዋልካው የት እንደሆነ የሚያውቁ ናቸው። እጅ ይበዛል አልክ፤ ቁልፍም ይበዛል። ይዘገያል አልክ፤ እውነትህን ነው፣ ሁለት ቀን ይጨቃጨቃሉ። ሹሙ ያለ ጭቅጭቅ ሁለት ዓመት ፈጀ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል፤ ብቻውን የታመነስ ከእሱ በምን ይሻላል? ሂድና ገንዘቡን መካከላቸው አስቀምጠው። ተነሥተው ሲሟገቱህ አትከፋ፤ ሰው በሌላ ሰው ንብረት ያን ያህል አይሟገትም።»