አንድ ስንኝ ማሽላ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ፤ በዚያ ዘመን በረቱ ሁሉ ባዶ ነበር።

ዝናብ በመጥፋቱ ሰርግ ቀረ። ሰርግ ሲቀር አዝማሪው ድንቢጥ ሥራ አጥቶ ጎጆው ውስጥ ተከተተ። ድሮ ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲሰጠው አፉን በሰፊው ከፍቶ «እሺ ጌታዬ!» እያለ ያዜምለት ነበር። አሁን ድምፁም ጠፋ።

ደጓ ኤሊ ማሽላ ዘግና ከዛፉ ሥር ቆመች። «ና ውረድ፣ ብላ እንጂ ወንድሜ!»

«እኔ ዘፋኝ እንጂ ለማኝ አይደለሁም!» አላት፣ ክንፉ በረሃብ እየተንቀጠቀጠ።

ኤሊ እያለቀሰች ለእመት ጦጢት ነገረቻት።

«አንቺ ደግሞ! አዝማሪን እንዲህ ነው የሚጋብዙት?» አለች ጦጢት። ማሽላውን ይዛ ዛፉ ላይ ወጣችና ልክ እንደ ሰርግ ቤት ጮኸች፦ «ተቀበል!»

ድንቢጥ ልማዱ ነውና «እሺ እመቤቴ!» ብሎ አፉን ሲከፍት ማሽላው ጉሮሮው ገባ።

ዋጠው። ኤሊ ከታች «አሁን ይቆጣል» ብላ በፍርሃት አንገቷን ቀበረች።

ድንቢጥ ግን ላባውን አራገፈና፣ «ግጥም በአንድ ስንኝ ቤት አይመታም፤ ሁለተኛውንም ይበሉኝ እንጂ!» አለ።

ኤሊ እፎይ ብላ አንገቷን አወጣች።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦ ከሌለ አፌን በማሽላ አብሱ።