የአያ ጅቦ ታኮ

አንድ ጊዜ፣ ጅብና አህያ እየተፈራሩም ቢሆን በአንድ ገበያ ይገበያዩ በነበረበት ዘመን፣ ተራራ አፋፍ ላይ የተቆረቆረች የእንስሳት መንደር ነበረች። መንደሪቱ ማሽላዋን ቁልቁል ወደ ገበያ ታወርዳለች፤ ለአዲሱ ጎተራ ግንብ የሚሆነውን ድንጋይና አሸዋ ደግሞ ከወንዙ ሽቅብ ታወጣለች። ማውረዱም ማውጣቱም በአህዪት ጀርባ ነበር። ባለፈው ክረምት አህዪት ጀርባዋ በገጣባ ቆስሎ ስትተኛ፣ ማሽላው ደጅ እንደተከመረ በሰበሰ፤ ግንቡም ወገቡ ላይ ቀረ።

በዚህ ዓመት አዝመራው ሲደርስ መንደርተኛው ተሰበሰበና «ያገለገለም ቢሆን አንድ የጭነት መኪና እንግዛ» አለ። ማን ሄዶ ይምረጥ ሲባል፣ ጋሽ በሬ ቀንዱን ነቅነቅ አድርጎ፣ «ሸክምን ከእሷ የበለጠ ማን ያውቃል? አህዪት ትሂድ» አለ። ሁሉም ደስ አላቸው። አህዪትን ግን ጨነቃት።

ምን ታድርግ? ሳትገዛ ብትመለስ ሸክሙ ወደ ጀርባዋ ይመለሳል። ክፉ መኪና ብትመርጥ ደግሞ ቁልቁለቱ አለ። የመንደሩ መንገድ እንደ እባብ ተጠማዞ ነው የሚወርደው፤ ከሥሩ ገደል ነው። ከጭነቱ ጋር ተሳፍረው ገበያ የሚወርዱት የመንደሩ ጥጆች፣ ግልገሎችና የእሷው ውርንጭላ ናቸው። ጠዋት ስትሸኛት ውርንጭላዋ «እማዬ፣ ጋቢና የምቀመጠው እኔ ነኝ!» ብላታለች። ይህች ቃል መንገዱን ሙሉ ከአህዪት ጆሮ አልወጣችም።

ገበያው ጋ ስትደርስ ደላላው ቀበሮ ከሩቅ አይቷት ጅራቱን እየቆላ መጣ።

«እንኳን ደህና መጡ እሜቴ! የእርስዎን ዕድል እኔ አውቀዋለሁ፤ ይኸውልዎ!» ብሎ አንድ ቀይ የጭነት መኪና አሳያት። መኪናው ታጥቧል፣ ተቀብቷል፣ ጎማው ሳይቀር ጥቁር ቀለም ጠጥቶ ያበራል። «ሞተሩ አንበሳ ነው። ባለቤቱም በጨዋነቱ የታወቀ ነው።»

ባለቤቱ ከጋቢናው ዱብ ሲል አህዪት ወደ ኋላ አፈገፈገች። አያ ጅቦ ነበር።

«ደህና አደርሽ» አላት አያ ጅቦ፣ ታፋ ታፋዋን እያየ። «ሽያጩ ሲያልቅ የሚታረድ ነገር አለ?»

ቀበሮ በክርኑ ጎሸመው። «ሲቀልድ ነው እሜቴ! ቀልድ ይወዳል።»

አህዪት እየፈራች መኪናውን መዞር ጀመረች። እሷ ራሷ በልጅነቷ ስትሸጥ፣ ጌታዋ ገጣባዋን በአዲስ ምንጣፍ ሸፍኖ ነበር ገበያ ያወጣት። ስለዚህ አዲስ ቀለም ስታይ ጀርባዋን ይበላታል። ጎንበስ ብላ ከሥር አየች፣ ዘይቱን አሸተተች፣ በሩን ከፍታ ዘጋች። የሚነቀፍ ነገር አጣች።

«ቀለሙ ለምን አዲስ ሆነ?» አለች።

«እንግዳ ሲመጣ ልብስ አይቀየርም እንዴ?»

«አያ ጅቦስ ለምን ይሸጠዋል?»

«ስለሚወደው ነው፤ አቧራ ሲነካው ማየት አይችልም» አለ ቀበሮ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከቆላ የመጣ አንድ ዝንጀሮ ከሰዓት በኋላ ሊወስደው ነው። እኔ ለእርስዎ ስለማዝን ነው። ደመናውንስ አይተውታል?» አላት።

አህዪት ቀና አለች። አፋፉ ላይ ጥቁር ደመና ተቀምጧል። ማሽላው ሜዳ ላይ ነው። ልቧ ግዢ ግዢ አላት፤ እውነቱን ለመናገር ከመንደሩ ሁሉ ይህን መኪና አጥብቃ የምትፈልገው እሷ ነበረች።

«እስቲ ሲሄድ ልየው» አለች በደከመ ድምፅ።

አያ ጅቦ ሞተሩን አስነሳ። መኪናው አጓራ፣ ጡሩምባውን እየነፋ ሜዳውን ዞረ፣ መጥቶም ከፊቷ ቆመ። አህዪት «ተስማምቻለሁ» ልትል አፏን ከፈተች።

በዚህ ጊዜ አያ ጅቦ ከጋቢናው ዘሎ ወረደ። ከወንበሩ ሥር አንድ ጉማጅ እንጨት ጎትቶ አወጣና እየሮጠ ሄዶ ከኋላ ጎማ ሥር ወሸቀው። ከዚያ ሥራውን እንደጨረሰ ሰው እጁን አራገፈ። እንጨቱ በጎማ ተፈግፍጎ ግማሹ አልቋል። ቀበሮ ዓይኑን ጨፈነ።

«አያ ጅቦ፣ ምንድን ነው እሱ?»

«ታኮ ነዋ! መኪና እንዳይንሸራተት።»

«በዚህ ደልዳላ ሜዳ ላይ?»

«እኔ እንደሆንኩ ታኮ ሳልወሽቅ አላዛጋም» አለ አያ ጅቦ በኩራት። «አንድ ቀን ብረሳው…»

«ጥንቃቄ ይወዳል ማለቱ ነው!» ብሎ ቀበሮ አቋረጠው።

«ምን ያንቀለቅልሃል አንተ? የጠየቀችው እኔን ነው!»

አህዪት ጋቢናውን አየች። የፊት ወንበሩ ላይ ውርንጭላዋ ተቀምጣ በሐሳቧ ታየቻት። ከሜዳው ዳር ወዳለች ጉብታ እያመለከተች እንዲህ አለች፦ «እንግዲያው ያቺ ጉብታ ላይ ይቁም። ታኮው ይነሳ። ቀበሮ ደግሞ ጋቢና ገብቶ ይቀመጥ። መኪናው ካልተንቀሳቀሰ እገዛዋለሁ።»

«እኔ እንኳ… ከፍታ አይስማማኝም» አለ ቀበሮ።

«ይኼ ብቻ ነው?» ብሎ ጮኸ ለሆዱ የቸኮለው አያ ጅቦ። «ያለቀ ነገር ነው! እኔው አቆመዋለሁ!»

ቀበሮ ቢጠቅሰው ቢቆነጥጠው አልሰማ አለ። መኪናውን ጉብታው ላይ አውጥቶ አቆመና ታኮውን ብብቱ ሥር ይዞ ወረደ። «አላልኩም?» ብሎ ሳይጨርስ ጎማው ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ። ቀዩ መኪና እየተንደረደረ ቁልቁል ሲወርድ አያ ጅቦ ታኮውን በጥርሱ ነክሶ ከኋላው ይሮጥ ጀመር፤ «ቁም!» ሊል ቢሞክርም አፉ ሞልቷል። መኪናው ረግረጉ ውስጥ አፍንጫው ድረስ ገባ። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ ይኼኛው ታኮ ነክሶ ቀረ። ቀበሮስ? ጅራቱ ብቻ ከአንድ የባቄላ ክምር ጀርባ ስትሰወር ታየች።

አህዪት ወደ መንደሯ ተመለሰች። አሁን ደግሞ የመንደሩን ፊት ፈራች።

«ባዶ እጅሽን መጣሽ?» አላት ጋሽ በሬ። የመኪናው ፍሬን እንደማይዝና የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። ከኋላ አንዱ ፍየል «ጅቡን ፈርታ ነው» ብሎ አጉረመረመ።

«አዎ ፈርቻለሁ» አለች አህዪት። «ጅቡን ፈራሁ፣ ቁልቁለቱን ፈራሁ፣ እናንተንም ፈራሁ። ከሁሉ ግን ልጆቻችንን እዚያ ላይ ማስቀመጥ ባሰብኝ።»

ሰማዩ አጉረመረመ። ጋሽ በሬ ልጁን፣ ያን ትንሽ ጥጃ፣ አየት አደረገና ወደ ማሽላው ክምር ሄደ። በሬ ያርሳል እንጂ ጆንያ ተሸክሞ በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም። እሱ ግን ጎንበስ አለና «ጫኑብኝ» አለ።

ከእሱ ቀጥላ አህዪት ተጫነች። ውርንጭላዋ እየተከተለቻት፣ «እማዬ፣ መኪናው መቼ ነው የሚመጣው?» አለቻት።

«ቁም ሲሉት የሚቆም ስናገኝ ነው ልጄ።»

ሸክሙ ያው ሸክም ነበር፤ የቆየው ገጣባዋን ቆጠቆጣት። ውርንጭላዋ ግን በአራት እግሯ እየዘለለች ከፊቷ ቁልቁለቱን ወረደች።

ከዚህ የምንማረው ሻጭ በአፉ የሸሸገውን እጁ በልማድ ስለሚያወጣው፣ ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ከጆሮው ይልቅ ዓይኑን ማመን እንዳለበት ነው።