ፊታውራሪ ድመትና ሦስቱ ወንድማማች ኪኒኖች

ተጠጉ! የቆመ ይቀመጥ፣ የተቀመጠ ዝም ይበል። ያላመነኝ ደግሞ ሄዶ ድመቱን ይጠይቅ።

በድሮ ጊዜ፣ ዕቃውም እንስሳውም እንደ ልቡ በሚያወራበት ዘመን፣ እትዬ ደብሪቱ የሚባሉ ደግ ሴት ነበሩ። አንድ ድመት ነበራቸው፤ ስሙ ፊታውራሪ። ፊታውራሪ ሲያዛጋ የሦስት መንደር አይጥ ንስሐ ይገባል! ጭራውን ሲያቆም ደመና ይበሳል!

አንድ ቀን ፊታውራሪን ዝናብ መታውና ታመመ። ዓይኑ ፈዘዘ፤ ያ ጭራው ወደቀ። ጎተራው ሥር ያሉት አይጦች ይህን አይተው እስክስታ ወረዱ።

«ምነው የእኔ ጌታ!» አሉ እትዬ ደብሪቱ። «የከብት ሐኪሙ ዛሬ ለክትባት ሜዳው ላይ ነው። ግን በሬ በተሰለፈበት ድመት ታቅፌ ብቆም አገር አይስቅብኝም? ይልቅ እኔን ያዳነኝ አንተንም ያድንህ።»

እትዬ ደብሪቱ ከሕመማቸው የተረፈ ኪኒን በነጠላቸው ጫፍ ይቋጥራሉ። ራሴን አመመኝ ላለ ጎረቤት ሁሉ እየፈቱ ያካፍላሉ። ያን ቋጠሮ ፈቱ። ሦስት ነጫጭ ፓራሲታሞሎች፣ ሦስት ወንድማማቾች፣ ብቅ አሉ።

የመጀመሪያውን ወተት ውስጥ ጣሉት። ወተቱ ጮኸ፦ «ኧረ ፊታውራሪ፣ መረርኩ! እንዳይጠጡኝ!» ፊታውራሪ አሸተተና ፊቱን አዞረ።

ሁለተኛውን ቅቤ ውስጥ ቀበሩት። ቅቤው ጮኸ፦ «ኧረ ፊታውራሪ፣ ሆዴ ውስጥ ጠጠር አለ! እንዳይልሱኝ!» ፊታውራሪ አሸተተና ፊቱን አዞረ።

ሦስተኛውን ሥጋ ውስጥ ወሸቁት። ሥጋው ሊጮህ ሲል አንዲት አይጥ ከጎተራው ሥር ብቅ ብላ ቀደመችው።

«ጌታዬ፣ ይዋጡት እንጂ! የእንስሳ መድኃኒት ለአህያ ነው። ለእርስዎ ዓይነቱ ጨዋ የሚገባው የሰው ኪኒን ነው።»

ፊታውራሪ ደስ አለው። እውነትም ከሰው በምን አንሳለሁ ብሎ አፉን ከፈተ። ሊውጥ ሲል ግን የወተቱና የቅቤው ጩኸት ትዝ አለው።

«ቆይ፣ አንተ ኪኒን፣ ማን ነህ?»

ኪኒኑ ደረቱን ነፋ። «እኔማ የራስ ምታት ጠላት! እዚህ መንደር ያልገባሁበት ሆድ የለም። ትኩሳት ስሜን ሲሰማ አጥር ዘሎ ይሮጣል!»

«የድመት ሆድስ ገብተህ ታውቃለህ?»

«እሱንስ ተዉት፣ ጌታዬ። የድመት ሆድ አይችለኝም። ደምዎን አበላሻለሁ፣ ድድዎ ይጠቁራል፣ ትንፋሽ ያጥርዎታል፣ ይሞታሉ። ለዚህ አንድ ፍሬ እበቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ማን ጠየቀኝ? ሁሉም ዝም ብሎ ተካፍሎ ይውጠኛል።»

ይሄኔ ፊታውራሪ ጭራውን አቆመ።

«ስሚ አንቺ አይጥ! እኔ ሰው አይደለሁም፤ ሰው መሆንም አያምረኝም። ሰው በጨለማ አይጥ ያድናል? ከጣራ ወድቆ በእግሩ ይቆማል? እኔ ድመት ነኝ! መድኃኒቴም የድመት ይሁን!»

ሥጋውን በጥፍሩ መትቶ ምድጃው አመድ ውስጥ ከተተው።

እትዬ ደብሪቱ ሁሉንም ሰሙ። «ውይ በሞትኩት! በደግነቴ ልገድልህ ነበር!» አሉ። አገር ከፈለገ ይሳቅ ብለው ፊታውራሪን ታቅፈው ሜዳው ወረዱ።

በሬዎቹ ገና ሲያዩት፣ «ይሄ ደግሞ የማን ጥጃ ነው?» ብለው አሽካኩ።

«እናንተ በዱላ ተነድታችሁ መጣችሁ» አላቸው ፊታውራሪ፤ «እኔ ታቅፈውኝ!»

በሬዎቹ አንገታቸውን ደፉ።

ሐኪሙ መረመረውና የድመት መድኃኒት በድመት ልክ ሰጠው። «እትዬ፣ አደራ፣ የሰው ኪኒን እንዳይሰጡት» አላቸው።

እትዬ ደብሪቱ ነጠላቸውን አስተካክለው ኮራ አሉ። «እሱን እንኳ ራሱ ነግሮኛል!»

ፊታውራሪ ዳነ። አይጦቹም ጓዛቸውን ጠቅልለው ወንዝ ተሻገሩ፤ የመጨረሻዋ አይጥ እስካሁን እየሮጠች ነው።

እናንተም ኪኒናችሁን ለራሳችሁ ያዙ፤ የታመመች ድመት ግን ታቅፋችሁ ወደ ሐኪሟ ውሰዱ። ሰውን ያዳነ ድመትን ይገድላል። እኔ ጨረስኩ፤ በዚህ ተረት አይጥ ብቻ ይከፋው!