አያ ጎሽና ተሰናባቿ ከርከሮ

ጠጋ በሉ፣ ጠጋ ጠጋ። ተረት ልንገራችሁ? «እሺ» በሉኝ እንጂ! እንግዲያስ ጆሯችሁን ስጡኝ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳው ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ ቆላ አገር ውስጥ አንድ ጎሽ ነበር። አያ ጎሽ ይሉታል። ቀንዱ እንደ ሞፈር የወፈረ፣ ድምፁ ገደል የሚያናጋ፣ የሸለቆው ሁሉ አለቃ ነበር። ሸለቆ ግን በቀንድ ብቻ አይኖርም። በበጋ ወንዙ ሲደርቅ እመት ከርከሮ አሸዋውን ቆፍራ ውሃ ታወጣለች። ዝንጀሮ ሾላው ላይ ወጥቶ ፍሬ ያራግፋል። ቆቅ ከቋጥኙ ላይ ሆና አንበሳ ሲመጣ ትጮሃለች። አያ ጎሽም አንበሳውን በቀንዱ ይመልሳል። እንዲህ እየተደጋገፉ ሰባት በጋ አለፉ።

በስምንተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ገና እርጥብ ሳለ፣ እመት ከርከሮ አያ ጎሽ ዘንድ መጣች።

«እንዴት አደሩ፣ ጌታዬ?»

«ደህና። ምን እግር ጣለሽ?»

«ልሰናበትዎ ነው። ከተራራው ማዶ ለስላሳ አፈር አለ አሉኝ። እዚህ ድንጋይ ስፈነቅል ክራንቻዬ አለቀ። ጨርሶ ሳያልቅ ሄጄ ልጆቼን እዚያ ላሳድግ።»

«እኔን? እኔን ትታ?» አለ አያ ጎሽ በልቡ። የያዘው ንዴት መሰለው እንጂ ፍርሃት ነበር። ጀርባውን አዙሮባት ሣሩን ይነጭ ጀመር። እመት ከርከሮ ቆመች፣ ቆመች፤ ጠበቀች፣ ጠበቀች፤ ሄደች።

ለካ በአያ ጎሽ ጆሮ ውስጥ መዥገር ትኖር ኖሯል። ደሙን ትመጥጣለች፣ ምክር ትሰጠዋለች።

«ሰማሃት? ናቀችህ እኮ!» አለችው መዥገር። «ዛሬ እሷን በሰላም ብትሸኝ ነገ ሁሉም ጥሎህ ይሄዳል።»

በማግሥቱ እመት ከርከሮ ተመልሳ መጣች።

«ጌታዬ፣ በጋው ሳይገባ ጊዜ አለን። አንድ ተተኪ ይስጡኝና የውሃው ሥር የት የት እንደሆነ ላሳየው። በጥም ትታችሁ አልሄድም።»

«ጅብ ሲያሯሩጥሽ ማን ነበር ያስጣለሽ?» አለ አያ ጎሽ።

«እርስዎ ነዎት።»

«ልጆችሽ በማን ጥላ አደጉ?»

«በእርስዎ ጥላ።»

«እንግዲያው ውለታ ቢስ ነሽ!»

«ውለታዎን አልካድኩም፣ ጌታዬ። እሄዳለሁ ማለቴ ብቻ ነው።»

አያ ጎሽ ታላቅ እህት ነበረችው። እናታቸው ስትሞት ከአውሬ ጠብቃ ያሳደገችው እሷ ናት። ቀትር ላይ ጥላ ሥር አጠገቡ ተኛችና እንዲህ አለችው።

«ወንድሜ፣ መሄድ የፈለገን እግር አስረህ አታቆየውም። ምን ያጎደልክባት ነገር እንዳለ ጠይቃት። የምታውቀውን ታሳየን፤ ከዚያ መርቀህ ሸኛት።»

የአያ ጎሽ ልብ ራራ። «እውነትሽን ነው» ሊል አፉን ከፈተ። መዥገሯ ይሄኔ ጆሮውን ቆንጠጥ አደረገችው። «አለቃ ከተለማመጠ መንጋው ይጋልበዋል» አለችው። አያ ጎሽ አፉን መልሶ ገጠመ።

በሦስተኛው ቀን የሸለቆውን እንስሳ ሁሉ ሰበሰበ። እመት ከርከሮ ልጆቿን ከኋላዋ አሰልፋ ቆመች።

«ይህቺ ከሃዲ ናት!» አለ አያ ጎሽ። «በሉ፣ በየተራ አቧራ በትኑባት!»

ዝንጀሮ በተነ። ቆቅም ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ጫር ጫር አደረገች፤ በተነች። ያልበተነች እህቱ ብቻ ናት። እመት ከርከሮ አቧራውን ከዓይኗ ላይ አራገፈችና «ጌታዬ፣ ቂም አልያዝኩም» አለች። «ወንዙ ውስጥ ሦስት የውሃ ሥር አለ። አንደኛው…»

አያ ጎሽ አጓራ።

«ሁለተኛው…»

አጓራ።

«ሦስተኛው…»

አጓራ፤ ድምጿን ዋጠው። ልጆቿን አስከትላ ወደ ተራራው አቀናች። ደፍሮ የሸኛት የለም።

«አየህ?» አለች መዥገር። «ከእንግዲህ ማንም ልሰናበት ብሎ አይመጣብህም።»

እውነቷን ነበር።

በጋ ገባ። ወንዙ ደረቀ። አያ ጎሽ ራሱ ወርዶ አሸዋውን በሰኮናው ይቆፍር ጀመር። ጧት ቆፈረ፣ ቀትር ቆፈረ፣ ማታ ቆፈረ፤ ያገኘው ደረቅ አሸዋ ብቻ ነው።

«አንተ ወንዝ፣ ውሃህን የት ደበቅኸው?»

«አልደበቅሁም፤ ሆዴ ውስጥ ነው» አለ ወንዙ። «እመት ከርከሮ ጆሮዋን አስጠግታ እያዳመጠች ታገኘው ነበር። አንተ ግን ስታጓራ እንጂ ስታዳምጥ አላየሁህም።»

አያ ጎሽ ዝንጀሮን ሊያስቆፍር ወደ ሾላው ሄደ። ዝንጀሮ የለም። ፍሬው መሬት ላይ ሳይሆን ቅርንጫፉ ላይ እንዳለ ደርቋል።

«ዝንጀሮ የት ሄደ?»

«ከሄደ ሦስት ቀኑ» አለ ሾላው። «ቤተሰቡን ይዞ ኮቴውን ሳያሰማ ወጣ። ‹ምነው ሳትሰናበት?› ብለው ‹አቧራ ልልበስ እንዴ?› አለኝ።»

የእህቱ ምላስ በጥም ተሰነጣጠቀ። ከወንዙ መታጠፊያ፣ ደንገሉ መሃል፣ አንዲት ጭቃማ ኩሬ ቀርታለች።

«እስቲ ጉሮሮዬን ላርጥብ» አለችው። «አንበሳ ቢኖር ቆቅ ትጮህ የለ?»

«ሂጂ» አላት። «ቆቅ አለች።»

ሄደች። አያ ጎሽ ከሩቅ ሆኖ ጆሮውን አቀና። ጭጭ ነው። ቀና ብሎ ቋጥኙን አየ፤ ባዶውን ነው። ቆቅም ሄዳለች! እየተንደረደረ ወረደ። ሲደርስ ሁለት አንበሶች እህቱን ጥለዋታል። በቀንዱ ወግቶ አባረራቸው፤ ግን ጉሮሮዋ ተቀዷል።

«ቆቅ… አልጮኸችም» አለችው። ዓይኗ እላዩ ላይ እንደቀረ ሞተች።

አያ ጎሽ ሦስት ቀን ሳይበላ ሬሳዋን ከጥንብ አንሣ ሲጠብቅ ሰነበተ። ደሙ ቀጠነ። መዥገሯም ሌላ የሰባ ጆሮ ፍለጋ ዱብ ብላ ወርዳ ሄደች። በአራተኛው ቀን ተነሥቶ ተራራውን ተሻገረና እመት ከርከሮን አገኛት።

«እህቴ ሞተች» አላት።

እመት ከርከሮ አለቀሰች። «እሷ እኮ አቧራ አልበተነችብኝም» አለች። ቆይታም፣ «ሦስተኛው የውሃ ሥር ወንዙ ዳር ካለው ዘንባባ ግርጌ ነው፤ ጥልቅ አይደለም» አለችው።

«በድዬሻለሁ። አብረን እንመለስ።»

«ጌታዬ፣ የዚያን ቀን ልጆቼ እያዩ ነበር። እነሱን ይዤ ወደዚያ አልመለስም። ውሃውን ግን ይጠጡት።»

አያ ጎሽ ብቻውን ተመለሰ። ዘንባባው ግርጌ ቆፈረ፤ ክንድ ያህል ሳይገባ ንጹሕ ውሃ ፈለቀ።

«ውሃ! ውሃ ተገኘ! ኑ ጠጡ!» እያለ ተጣራ።

የመጣ የለም። የተረፈው ሁሉ አንድ በአንድ፣ ሁለት በሁለት ሆኖ፣ ሳይነግረው ወጥቶ አልቋል። አያ ጎሽ ጎንበስ ብሎ ጠጣ። ውሃው ጣፋጭ ነበር፤ ለእሱ ግን እንደ ኮሶ መረረው።

የሰማችሁ ላልሰማ አሰሙ፤ ሹም የሆናችሁም፣ ወደፊት የምትሾሙም ልብ በሉ፦

ተሰናብቶ የሚሄደውን ያዋረደ፣
ሳይሰናበቱ መሄድን አስለመደ።