የምድር ቤቱ ሻጋታና የእማዋይሽ ሳቅ

ጆሮ ያላችሁ ቅረቡ፣ የሌላችሁ ከጎረቤት ተዋሱ።

እማዋይሽ የምትባል ሴት ነበረች። ምድር ቤት ውስጥ፣ ከሌሎች ሴቶች ጋር የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ኤፍራታ የምትባል ልጅ አለቻት። ኤፍራታ ድሮ ክፍል ውስጥ ስሟ ሲጠራ "አቤት" ማለት እንኳን የሚጨንቃት ነበረች። ዘንድሮ ግን አፏ ተፈታና ተማሪውን በሳቅ ታፈርሰው ጀመር። ቤት ስትመጣ ለእናቷም ታወራላታለች። እማዋይሽ ትስቃለች። ሳቋ ግማሽ ሲደርስ ሳል ይመጣና ይነጥቃታል። ከዚያ ደረቷን ይዛ ቁጭ ነው።

ኤፍራታ የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው። እናቷ አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ስቃ እንድትጨርስ።

ጤና ጣቢያ ሄዱ። አክታዋ ተመረመረ፣ ቲቢ አይደለም ተባለ።

"እናቴ፣ የሚሠሩበት ቤት ሻጋታ አለው እንዴ?" አለች ነርሷ።

"ኧረ ምንም የለውም! ብርድ መትቶኝ ነው።"

"ካለው ግን ይውጡ። እሱን እየሳቡ ከከረሙ ደረትዎ ይዘጋል፤ አንዴ ከተዘጋ መክፈቻው ከባድ ነው።"

እማዋይሽ ነጠላዋን አስተካከለች። ኤፍራታ ግን ሻጋታው የት እንዳለ ታውቃለች።

በማግስቱ ምድር ቤቱ ጥግ ሄዳ ቆመች። ጥቁር ሻጋታ ከወለል እስከ ጣሪያ ወጥቷል።

"አንተ ሻጋታ፣ ተነቀል። ሳሉ እማዬን ይልቀቃት።"

"አልነቀልም" አለ ሻጋታው። "ለእንቁጣጣሽ ቀለም ቀብተው ሸፈኑኝ፣ ቀለሙን በልቼ ወጣሁ። ግድግዳው እያጠጣኝ ወዴት እሄዳለሁ? ለሱ ንገሪው።"

ሻጋታው አልነቀል አለ፣ ሳሉ አልለቅ አለ፣ ሳቁ አላልቅ አለ።

"ግድግዳ፣ ግድግዳ፣ እባክህ ድረቅ።"

"በምን ልድረቅ?" አለ ግድግዳው። "ውሃው ጀርባዬ ላይ ሲወርድ ይውላል። ለሱ ንገሪው እንጂ።"

ግድግዳው አልደርቅ አለ፣ ሻጋታው አልነቀል አለ፣ ሳሉ አልለቅ አለ፣ ሳቁ አላልቅ አለ።

ወጥታ ከቤቱ ጀርባ ዞረች። ውሃው ከላይ እየተንቆረቆረ ይወርዳል።

"ውሃ፣ ውሃ፣ ቁም በቃ።"

"ቧንቧው ተከፍቶ እኔ ልቁም? ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ሞልቶ ሲተርፍ መውረድ ነው ሥራዬ። ለዘበኛው ንገሪ።"

ውሃው አልቆም አለ፣ ግድግዳው አልደርቅ አለ፣ ሻጋታው አልነቀል አለ፣ ሳሉ አልለቅ አለ፣ ሳቁ አላልቅ አለ።

ዘበኛው ጋሽ ደንቦባ በር ላይ ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ ተቀምጧል።

"ጋሼ፣ ቧንቧውን ይዝጉት።"

"አንቺ ልጅ፣ የሰፈራችንን ውሃ አታውቂውም? በፈረቃ ነው የሚመጣ፤ ሲመጣ ደግሞ በር አያንኳኳም። ዘግቼ ካመለጠኝ እትዬ አሰገደች ቁም ስቅሌን ነው የምታሳየኝ። እሷ ትዘዘኝ።"

ጋሽ ደንቦባ አልዘጋ አለ፣ ውሃው አልቆም አለ፣ ግድግዳው አልደርቅ አለ፣ ሻጋታው አልነቀል አለ፣ ሳሉ አልለቅ አለ፣ ሳቁ አላልቅ አለ።

እትዬ አሰገደች የቤቱም የስፌት ሥራውም ባለቤት ናት። ፎቅ ላይ ነው የምትውለው። ኤፍራታ በሩ ጋ ስትደርስ መመለስ አማራት። እጇ ግን ቀድሟት አንኳኳ።

"ምን እግር ጣለሽ አንቺ?"

ኤፍራታ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው።

"ወይ ጉድ! ይቺ ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ የማትወጣዋ ናት? አፍ አወጣሽ!" አለች እትዬ አሰገደች። "ስሚኝ። ከሴቶቹ አንዷ 'አመመኝ' ብላኝ አታውቅም። ስንቴ ስወርድ አንዲትም ስትስል አልሰማሁ። አሁን እወርዳለሁ፤ በጆሮዬ ካልሰማሁ አላዝም።"

ኤፍራታ ወደ ሴቶቹ በረረች።

"እባካችሁ፣ እትዬ ስትመጣ ሳሉላት!"

"አብደሻል?" አለች ዘምዘም፣ ከእማዋይሽ አጠገብ የምትሰፋው። "ሳል የተሰማባት 'ቲቢ ናት' ተብላ ነው የምትባረር። እኛ የምንስለው ፔዳል ረግጠን፣ የስፌት መኪናው ሲጮህ ነው።"

"ኤፍራታ!" አለች እማዋይሽ። "ከሥራ ልታስወጪኝ ነው? ውጪ ከዚህ!"

ሴቶቹ አንስል አሉ፣ እትዬ አሰገደች አላዝ አለች፣ ጋሽ ደንቦባ አልዘጋ አለ፣ ውሃው አልቆም አለ፣ ግድግዳው አልደርቅ አለ፣ ሻጋታው አልነቀል አለ፣ ሳሉ አልለቅ አለ፣ ሳቁ አላልቅ አለ።

ኤፍራታ አልወጣችም። ደረጃው ሥር ቆመች። እናቷ ከተባረረች በሷ ምክንያት ነው። እናቷ እዚያው ከቀረች ደግሞ... ነርሷ ያለችውን አስታወሰች።

እትዬ አሰገደች ደረጃውን ቋ ቋ እያደረገች ወረደች። ሴቶቹ ፔዳላቸውን ረገጡ። ምድር ቤቱ በጩኸት ተሞላ።

"ይኸው መጣሁ! የታለ ሳሉ?"

የስፌት መኪናዎቹ ኤሌክትሪክ ማጥፊያ ከኤፍራታ ትከሻ አጠገብ ነበር። ወደ ታች ሳበችው።

ቀጭ።

መኪናው ሁሉ ዝም። ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ አፏን በጨርቅ አፈነች። የሌላዋ ትከሻ ይርገፈገፋል። ዘምዘም ትንፋሿን ይዛ ዓይኗ ተጎልጉሎ ሊወጣ ደረሰ። እማዋይሽ ቻለች፣ ቻለች፣ አልቻለችም። ሳለች። ዘምዘም ተከተለች። ከዚያማ ማን ይያዘው! ምድር ቤቱ ከዳር እስከ ዳር ሳለ።

እትዬ አሰገደች ደረጃው ላይ ደርቃ ቀረች።

"ሁላችሁም?"

"ሁላችንም" አለች ዘምዘም። "ሁላችንንም ያባርሩና ማን ይሰፋል?"

እትዬ አሰገደች ዞራ ወደ ግቢው ጮኸች፤ "ደንቦባ! ዝጋ!"

በሉ እንግዲህ! እትዬ አሰገደች አዘዘች፣ ጋሽ ደንቦባ ዘጋ፣ ውሃው ቆመ። ሮቶው ሲሞላ ቧንቧውን የሚዘጋ ተንሳፋፊ ኳስ ገባለት። መኪናዎቹ ግቢ ውስጥ ወደተተከለ ድንኳን ወጡ፣ መስኮቱ ተከፈተ፣ ግድግዳው ደረቀ። አፍና አፍንጫቸውን የሸፈኑ ሠራተኞች ልስኑን ፈቅፍቀው ጣሉት፣ ሻጋታው ተነቀለ። ሳሉ ግን ግትር ነው፤ ለሁለተኛ ጊዜ ጤና ጣቢያ አስኬደ፣ መድኃኒት አስዋጠ፣ እያጉረመረመ ቆይቶ ለቀቀ።

አንድ ቀን ኤፍራታ ጋሽ ደንቦባ ቧንቧውን "መጣህ? አልመጣህም?" እያለ ሲጨቀጭቀው አስመስላ አሳየች። እማዋይሽ ሳቀች። ግማሽ ደረሰች። ኤፍራታ በፍርሃት ዝም አለች። እማዋይሽ ግን እየሳቀች አለፈችው፣ እንባዋን ጠረገች፣ ጨረሰች። ከሳቁ ኋላ ምንም አልመጣም።

"ቀጥይ እንጂ፣ ምን ሆንሽ?" አለቻት።

ወሬው አለቀ፤ በሉ ተንፍሱ።